የአባባ ክፍል የሌለበት ፕላን

ወንድሜ ሰይድ በኮምቦልቻው ቦታችን ላይ የምንሠራውን ቤት ፕላን ዛሬ በዋትሳፕ ላከልኝ። የእማማ ክፍል አለ፣ የሰይድም የእኔም አለ፤ የአባባ የለም።

እዚህ ካርቱም፣ በአሠሪዎቼ ኩሽና ሆኜ ደወልኩለት። መጀመሪያ የተከራከርኩት ስለ ሽንት ቤቱ ቦታ ነው፤ የእኔ ነገር!

“የአባባ ክፍልስ? ፀሐይ ባለበት በኩል አድርግለት” አልኩት።

እማማ ከጎኑ “ምን ልከህላት ነው?” ስትለው ሰማሁ። ስልኩ ተዘጋ።

ለካ በደወልኩ ቁጥር “አባባ መስጊድ ሄዷል” የሚሉኝ ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ በሰው አገር ላለች ልጅ መርዶ አይነገርም፤ ብቻዋን እንዳታለቅስ።

ማዳም “ያላ፣ ሻይ!” እያለች ነው። ዓይኔ ከፕላኑ አልነቀል አለ።

እናንተስ፣ መርዷችሁን የነገራችሁ ሰው ነበር? ወይስ እንደ እኔ ብቻችሁን ደረሳችሁበት?