የታመመችው ስሟ ይጠራ

በዚያ የረሃብ ዓመት ቆቦ ዳር በተተከለው መጠለያ ገንፎ አብሳይ ነበርኩ። ባሌን ጎብዬ ከተማ ቀብሬ፣ ሁለት ልጆቼን ይዤ በእግሬ ነው የመጣሁት። አሥራ ስምንት ሴቶች ነበርን። በርሜል ጥደን፣ ከቁመታችን በሚረዝም እንጨት እያማሰልን ሕፃናቱን እንመግባለን፤ ለድካማችን በየሳምንቱ ስንዴ ይሰፈርልናል። ጠዋት ጠዋት የሥራ አለቃችን ካቦው ስማችንን ከመዝገብ ይጠራል። "አቤት" ያለች ትሠራለች፣ ያላለች ትሰረዛለች።

አጠገቤ የምታማስለው ከዋጃ የመጣች ሙስሊም ሴት ነበረች። እንጨቱ ሲከብደኝ ሳልጠይቃት የምትቀበለኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ግርሻ የሚሉት ተመላላሽ ትኩሳት ጣላት። በማግስቱ ካቦው ስሟን ሰረዘው። ሦስት ልጆቿ የሚያድሩት በእሷ ስንዴ ነበር፤ በሽታውም የያዛት እዚያው ስትሠራ ነው።

ውሃ በቦቴ የሚያመጣልን ሾፌር ቀድሞ ፋብሪካ ሠርቷል። እዚያ ሠራተኞቹ ማኅበር እንዳላቸው፣ የታመመ ዝም ብሎ እንደማይባረር፣ ሕግም ከጎናቸው እንዳለ አጫወተን። ይህን ይዘን ሦስት ሆነን ካቦው ዘንድ ሄድን። ሳቀብን። ሕጉ ለፋብሪካ እንጂ ለገንፎ አብሳይ አልወጣም አለን። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሕዝብ እያሳየ፣ ያልተመቻት ትውጣ፣ ምትክ ሞልቷል አለ።

ሥራ እናቁም ያልን ነበርን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ግን እጃችንን ብናጣጥፍ የሚሞተው ካቦው አይደለም። የራሳችንም ልጆች ሰልፉ ላይ ናቸው። ስንማከር አመሸንና፣ እሳቱ አይጠፋም፣ ስም ሲጠራ ግን ማንም አቤት አትልም ተባባልን።

በማግስቱ የመጀመሪያዋን ጠራ፤ ዝም። ሁለተኛዋን ጠራ፤ ዝም። የእኔ ተራ ሲደርስ ልጆቼ ታዩኝ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ጠርቶ ሲጨርስ መዝገቡን አጠፈና፣

"መሪያችሁ ማን ናት?" አለ።

"የሰረዟት ናት" አልኩት። "መጀመሪያ የእሷን ስም ይጥሩ። ከዚያ ሁላችንም አቤት እንላለን።"

ሁላችንንም ሰረዘን። ከበሩ አራት ሴቶች አምጥቶም በርሜሉ ዘንድ አቆመ። እነሱንም ርቧቸዋል፤ አልገፋናቸውም፣ ማማሰያውን አብረን ያዝን። በዕድሜ ገፋ ያለችው ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ካቦው ሊመዘግባት ሲመጣ፣ "እኔ ስም የለኝም" አለችውና ማማሰሏን ቀጠለች።

ሦስት ቀን እንዲህ ሠራን። በሦስተኛው ቀን የመጠለያው ኃላፊ መጣ። ካቦው አድማ መትተዋል ብሎ ከሰሰን። ኃላፊው የሚንተከተከውን ገንፎ፣ ከዚያ የሰልፉን ሕፃናት አየና አድማው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀው። የተሰረዘው ስም ሁሉ ይመለስ፣ ታማሚዋ እስክትድን ስንዴዋ ለልጆቿ ይሰፈር፣ ሌሎችም ሲታመሙ እንዲሁ ይደረግ ብሎ አዘዘ። በጽሑፍ ይሁንልን አልነው። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ግን ጻፈው። ማንበብ ስለማንችል ሾፌሩ ሁለት ጊዜ አነበበልን።

ጓደኛዬ አልዳነችም። ግርሻው ተመላልሶባት በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ስንዴዋን ግን ለልጆቿ እህቷ ከሮቢት መጥታ እስክትወስዳቸው አስሰፈርን፤ ካቦው ሊከለክል ሲል ወረቀቱን አወጣንበት።

እኔን ካቦው በሰበብ አስባቡ ከአብሳዮቹ ለይቶ ወደ ጨርቅ አጣቢዎቹ አዛወረኝ። ቅማልና ትኩሳት ያለበትን ጨርቅ ያለ ሳሙና የሚያጥቡ ስድስት ሴቶች አገኘሁ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሳሙናው መማከር ጀመርን።