ዲሊም ያሉኝ ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ልጄን ጉሮሮዋን ቢያማት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ምላስሽን አውጪ ብሎ ያችን ጠፍጣፋ እንጨት ሲጭንባት፣ እጇን ምን ያህል እንደጨመቅሁት አላወቅሁም። "ማም፣ ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ኦኬ አልነበርኩም። ክሊንተንቪል በሚባል ሰፈር ውስጥ ወደነበረ አንድ ቤት፣ ወደ ሃያ ዓመቴ ተመልሼ ነበር።

ያኔ ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የምሠራው ጥቂት አረጋውያን በሚጦሩበት፣ ወለሉ ሁልጊዜ ሎሚ ሎሚ በሚሸት አሮጌ ቤት ነበር። እዚያ "እማማ" የምላቸው ቱርካዊት ባልቴት ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው፣ የቀራቸው የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ነው። ፀጉራቸውን ሳበጥር የድሮ ዘፈን ያንጎራጉሩልኛል። በተረፈ በእጅና በዓይን እንግባባለን።

አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ይዤ ስገባ፣ የመስኮቱ ብርሃን ፊታቸው ላይ አርፎ፣ እጃቸውን ከአንገታቸው በታች ጭነው "ዲሊም! ዲሊም!" አሉኝ። ድምፃቸው ወፍሯል።

ዲልንማ እኔ አላጣትም! ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በህንድ ፊልም ስንቴ አልቅሻለሁ፤ ተዋናዩ ደረቱን ይዞ "ዲል" ካለ ልቤ ማለቱ ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሮጥኩ። እዚያ ከአፍጋኒስታን የመጡ፣ ፋርስኛ የሚናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ዲል ምንድን ነው ስላቸው ደረታቸውን መታ መታ አድርገው "ሃርት" አሉኝ። ሁለት ምስክር አገኘሁ።

"እትዬ፣ ሃርት አታክ ነው! ናይን ዋን ዋን ኮል ያድርጉ!" ብዬ በዕድሜ ለሚበልጡኝ ሐበሻ የሥራ ባልደረባዬ ጮህኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ!" ካፍ ከወጣ አፋፍ።

እማማን በጀርባቸው አስተኛኋቸው፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈታሁ። ወደ አፋቸው ሲጠቁሙ ውሃ ጠምቷቸው መስሎኝ ብርጭቆ አቀረብኩላቸው፤ በእጃቸው ገፉት። እትዬ አምቡላንስ ጠርተው ሲጨርሱ የእማማ ልጅ ጋ ደውለው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። ልጅየዋ የእናቷን ድምፅ እንደሰማች "ታንግ! ሺ ሴድ ማይ ታንግ!" ብላ ጮኸች።

ለካ "ምላሴን" ማለታቸው ነበር። አፋቸውን ከፍቼ ሳይ ምላሳቸው አብጦ አፋቸውን ሞልቶታል። እኔ ደግሞ በጀርባቸው አስተኝቼ ጭራሽ አፍኛቸዋለሁ። ቀና አድርጌ ደግፌ ያዝኳቸው። አምቡላንሱ ደረሰ፤ ተረፉ። ያሳበጣቸው ለደም ግፊት የጀመሩት ኪኒን ነው ተባለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኔ ነው።

በሳምንቱ ከሆስፒታል ሲመለሱ ልጃቸው አስረዳችኝ። የፋርሱ ዲል ልብ ነው፤ ህንዶቹም የወሰዱት ከፋርስ ነው። የቱርኩ ዲል ግን ምላስ ነው፤ ከሌላ ግንድ የመጣ፣ ፊደሉ ቢገጥም ዝምድና የሌለው። አንድ ቃል ሰው ሊገድል ምንም አልቀረውም ነበር ብዬ እንደገና ደነገጥኩ። "ግን እኮ" አለች፣ "የድሮ ዘፈኖቻችን ልብንም ዲል ይሉታል፤ ከፋርሶቹ ተውሰን።" እማማ የሚያንጎራጉሩት ከእነዚያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ጨዋታ ሆነ። ጠዋት ስገባ "ዲል!" ብለው ምላሳቸውን ያወጡልኛል፤ አየት አድርጌ "ደህና ነው" እላለሁ፤ እንስቃለን።

አንድ ቀን ግን ምላሳቸውን አላወጡም። እጄን ይዘው ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው "ዲል" አሉኝ። እኔ ጨዋታችን መስሎኝ ምላሴን አውጥቼ አሳየኋቸው። እሳቸውም አወጡልኝ። "ደህና ነው" ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ስገባ አልጋቸው ተነጥፎ ጠበቀኝ። ሌሊት አርፈዋል፤ ልባቸው ነው አሉኝ። እንደሚወዱኝ እየነገሩኝ ይሁን እንዳመማቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐኪሙ እንጨቱን ጥሎ ጨርሰናል፣ ጉሮሮዋ ብቻ ነው አለኝ።

"እባክህ፣ ልቧንም አዳምጥልኝ" አልኩት።

"ማም! አይም ፋይን!"

"አውቃለሁ የእኔ ልጅ" አልኳት። "ቢሆንም ይስማልኝ።"