ዘጠኝ ሰዓት የሌለበት አገር

አባቴ ቁስቋም የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። ጣልያን ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ በግማሽ ልባቸው ነው። በቀረው ግማሽ ከቆላ ድባ ሽማግሌ ልከው ለልጃቸው የጠየቁኝን ሰዎች ያስቡ ነበር። ስለ ልጁ ሲነሳ፣ "ሸጋ እርሻ አለው" ይላሉ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። እርሻውንም ልጁንም አይቼ አላውቅም፤ ማየትም አልፈለግሁም።

የጂኦግራፊ መምህራችን ሕንዳዊ ነበር፤ የሚያስተምረን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን በዓለም ጫፍ ስላለው የበረዶ አገር አስተማረን። እሱም ያን ሁሉ በረዶ ያየው በሥዕል ብቻ መሆኑን አልደበቀም።

ቤት ገብቼ ለአባቴ፣ "ሰሜን ውስጥ ፀሐይ ለወራት አትጠልቅም" አልኳቸው።

"ሰሜንን ላንቺ ልንገርሽ" አሉ። "ሁለት ዓመት ዜማ ተምሬበታለሁ። ይበርዳል፤ ይመሻልም።"

ከደባርቅ በላይ ያለው፣ ሰሜን የሚባለው ደጋ መስሏቸው ነው። ከምጽዋ ባሕር ማዶ፣ ከዚያም በጣም ማዶ መሆኑን አስረዳሁ። የዚያን አገር ሰዎች ነገር በጥሞና ሰሙ። አንዱ ጎጆ ከሌላው የቀን መንገድ ይርቃል፤ ጤፍ የለም፣ ገብስ የለም፣ ዛፍ የለም፤ ዓሣና ጮማ ይበላሉ፤ ጭነታቸውን የሚጎትተው ውሻ ነው። ውሻውን አባቴ ወደዱት። የጎረቤታችን ውሻም እንዲህ ያለ ሥራ ቢኖረው ካህን አይነክስም ነበር አሉ።

ፀሐይዋ ግን አልተዋጠችላቸውም። በጾም እህል የሚቀመሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ደግሞ አባቴ የሚያውቁት ደጅ ቆመው ጥላቸውን በእግራቸው ለክተው ነው። ፀሐይ ካልጠለቀች እንደገና አትወጣም፤ ካልወጣች ሰዓቱ ከየት ይቆጠራል?

"ወይ ዘጠኝ ሰዓት የሌለው ሕዝብ አለ፣ ወይ አስተማሪሽ ዋሽቷል። ነገ መጥቼ እጠይቀዋለሁ። ዋሽቶ ከሆነ ለቆላ ድባዎቹ እሺ እላለሁ።"

ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። መምህሩ አማርኛ አያውቅም፣ አባቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ አስተርጓሚዋ እኔ። ጥያቄውን አደረስኩ። መምህሩ አባቴን አየ፣ ካርታውን አየ፣ "አይ ዶንት ኖው" አለ፤ አላውቅም ማለቱ ነው።

"ምን አለ?" አሉ አባቴ።

"ፀሐይዋ ባትጠልቅም ዙሪያውን ትዞራለች አለ። ምሥራቅ ስትሆን ጧት ነው፤ ደቡብ ስትደርስ ቀትር፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ግማሽ መንገድ ስትሄድ ዘጠኝ ሰዓት። ሰዎቹ ጥላቸውን በእግር አይለኩም፤ ወዴት እንደወደቀ ነው የሚያዩት።"

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። እዚያው ቆሜ ከካርታው ያወጣሁት ነው።

አባቴ በዓይናቸው ሰማዩን አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ መምህሩን አመሰገኑና እንዲሳለም መስቀላቸውን ዘረጉለት። እሱም ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ መስቀሉን ጨበጠው።

ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ወደ ቀሃ ወንዝ አመራን።

"ሰውየው የተናገረው ሦስት ቃል ነው" አሉ እዚያ ስንደርስ። "እንግሊዝኛ ባላውቅም መቁጠር አውቃለሁ። የቀረው ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው፣ አባባ።"

"ልክ ነው?"

"ይመስለኛል።"

ወንዙን ተሻገርን።

"መምሰል አይበቃም" አሉ። "እርግጡን እስክታውቂ ተማሪ። ለቆላ ድባዎቹ፣ ልጅቱ ገና አልጨረሰችም እላቸዋለሁ።"