ከጓዳ የሚያንኳኳው

ጀዊሪያ ከጳውሎስ ሆስፒታል ፊት ለፊት የሕፃን ልብስና አንሶላ ትሸጣለች። ደንበኞቿ ለመውለድ የመጡ ሴቶችና ግራ ተጋብተው የሚራወጡ ባሎች ናቸው። አጠገቧ ካለው ፋርማሲ የምትሠራው ጽጌረዳ የዓመታት ጓደኛዋ ነበረች። ምሳ የሚበሉት አብረው ነው።

ዘንድሮ ሁለቱንም የያዛቸው እሁድ እሁድ የሚተላለፍ ድራማ ነው። በድራማው አንድ ትልቅ ቤት አለ፤ ከጓዳው የሆነ ነገር ያንኳኳል፣ ያቃስታል፣ በሩን ይቧጭራል። መልኩን ያየ የለም። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰው ይከራከርበታል። አንዱ ጂኒ ነው ይላል፤ ሌላው የቤቱ ሽማግሌ ከጫካ አምጥቶ ያሳደገው ጅብ ነው ይላል። ጽጌረዳማ በየሳምንቱ አዲስ ግምት እየፈጠረች ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ አፍርታበታለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጀዊሪያ፣ "አውሬ አይደለም፣ ሰው ነው" አለቻት።

"በምን አወቅሽ?"

"የቤቱ እናት ምግብ ስታስገባለት ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ ነው። ለአውሬ ማን አጥንት ይለቅማል? ደግሞ ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን ታስተካክላለች። ባሏ ነው።"

ጽጌረዳ ሳቀች፤ ጀዊሪያ አልሳቀችም። ለማንም ተናግራው የማታውቀውን አወጣችላት። ልጅ ሳለች፣ ቁስቋም ሰፈር ሲኖሩ፣ አባቷ አእምሮው ታወከ። እየወጣ ሲጠፋና ተደብድቦ ሲመለስ ጊዜ እናቷ ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበት። ለጎረቤት ጅዳ ሄዷል ተባለ። የሰፈሩ ልጆች እዚያ ቤት ጂኒ አለ እያሉ በሩጫ ያልፉ ነበር። ሳህኑን ይዛ የምትገባው ጀዊሪያ ናት። አንዳንድ ቀን አባቷ ይለያታል፤ "ጀዊ፣ ትምህርት እንዴት ነው?" ይላታል። ሲሞት፣ ከጅዳ ታሞ መጥቶ ነው ተብሎ ተቀበረ።

ጽጌረዳ እጇን ያዘቻት። "ከእኔ አይወጣም" አለቻት።

ብዙም ሳይቆይ የጀዊሪያ እናት ከዘመድ ለቅሶ ተመልሳ ሻሿን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። "ስለ አባትሽ ለማን ነው ያወራሽው?" አለቻት። አንዲት የዘመድ ልጅ የጽጌረዳን ቪዲዮ በስልኳ አሳይታት ነበር።

ጀዊሪያ ስልኳን ከፈተች። የጽጌረዳ ፊት መጣ፤ ከላዩ "አውሬው አባት" የሚል ጽሑፍ አለ። "ስም አልጠራም፣ ግን ቁስቋም የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው" ትላለች። ጅዳውንም ሳህኑንም አልተወችም። "ትምህርት እንዴት ነው?" የሚለውን ድምጿን አጎርንና፣ እያቃሰተች ነው ያለችው።

"እንዲህ ይልሽ ነበር?" አለች እናቷ።

"አዎ፣ እማ።"

"እኔን አንድ ቀን አናግሮኝ አያውቅም። ለገዛ ወንድሞቹ ያልነገርኩትን አንቺ አደባባይ አወጣሽብኝ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ጀዊሪያ ፋርማሲው በር ላይ ቆመች። ጽጌረዳ ገና ስታያት፣ "ስምሽን እኮ አልጠራሁም" አለች። "ሰው ሁሉ ነው ያለቀሰው። ማለቴ... ለአባትሽ ነው ያዘኑት።"

"ስሜን ብትጠሪው ይሻለኝ ነበር። አባቴን አውሬ አልሽው።"

"ርዕስ ነው በቃ፤ እንዲታይ ብዬ ነው። አጠፋዋለሁ።"

አጠፋችው፤ ግን ሌሎች ገልብጠውት ኖሮ ከእጇ ወጥቷል። ድራማው ሲያልቅ የጓዳው በር ተከፈተ፤ እውነትም ባልየው ነበር። ጀዊሪያ አላየችውም። የሰማችው ለምራቷ የሕፃን ብርድ ልብስ ልትገዛ ከመጣች ሴትዮ ነው። "አጠገብሽ ያለችው ልጅ ቀድማ ደርሳበት ነበር እኮ፣ ጎበዝ ናት" አለቻት ሴትዮዋ። ጀዊሪያ ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ሰጠቻት።

እናቷ ጉልበቴን ያመኛል እያለች ለቅሶ መሄድ ትታለች። በእሷ ፈንታ የምትሄደው ጀዊሪያ ናት። ስትገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ቦታ ይለቁላታል፤ ስለ እናቷ ጉልበት ይጠይቋታል።