የአዴ ዳርሚ «ነገ»

የማስተምርበት የሻሸመኔ ትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ክበብ አለው። የክበቡ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ወረቀት ላይ ማለቴ ነው፣ ሥራውንስ የሚሠሩት ልጆቹ ናቸው። ባለፈው አርብ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ሪፖርት ስንሰማ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ፣ «የተመደብኩላቸው እናት ነገ ነይ ብለውኛል» አለች። ባለፈው ሳምንትም ያለችው ይህንኑ ነበር። ልጆቹ ሳቁባት። እኔ ግን ሳልስቅ ቀርቼ ኖሮ፣ «ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?» አሉኝ። አላመመኝም። ያቺ «ነገ» የምትባል ቃል ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ ነገሌ ቦረና ይዛኝ ሄዳ ነው።

ነገሌ የገባነው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነበር። አባቴ የግብርና ሠራተኛ ስለነበር መንግሥት የላከው አገር ሁሉ አገራችን ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥተን፣ ዕቃችን ላይ ተቀምጠን በጭነት መኪና ስንጓዝ ሰንብተን፣ የአገሩ ሰው ቦና በሚለው የደረቅ ወቅት መካከል ደረስን። ቀዩ አፈር ዱቄት ሆኗል። ከዶሎ ኦዶ በኩል የሚመጣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር እናቴ የታጠበውን ልብስ ከገመድ ላይ እየሮጠች ትሰበስባለች፤ ሽሮው ውስጥ እንኳ አሸዋ ጥርሳችን ሥር ይንቀጫቀጭ ነበር። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ጓደኛ የለኝም። በዕረፍት ሰዓት ከክፍሌ ግድግዳ ጋር ተጣብቄ ሰው ሲስቅ አያለሁ።

በዚያ ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ የሚመኘው የሐሊማን የበጎ አድራጎት ክበብ ነበር። ሐሊማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የባለሱቅ ልጅ ናት። ከአባቷ ባንኮኒ ኋላ ቆማ ለአንዱ በአማርኛ ስኳር ስትመዝን፣ ዞር ብላ ለሌላው በኦሮምኛ ጨው ትመዝናለች። ክበቡን የምትመራውም እንደ ሱቁ ነበር፤ ቀልጠፍ ብላ፣ ሰውን እያወቀች። ከእሷ በፊት አባላቱ በዘመቻ ወጥተው አንድ ቀን ይጠርጉና ለወር ይጠፉ ነበር አሉ። እሷ ግን ለእያንዳንዱ አባል አንድ የአቅመ ደካማ ቤት ሰጠችው። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ቤቱ የሚፈልገውን ሁሉ ያ አባል ይሠራል። «የሁሉም ሥራ የማንም አይደለም። ቤት የተሰጠው ሰው ግን አይቀርም» ትል ነበር።

አንድ የማይጣስ ሕግም ነበራቸው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ከዚያ ሥራ። ሕጉ የወጣው በስሕተት ነው። በፊተኛው ዓመት አባላቱ የአንድ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ የተከመረውን እበት ቆሻሻ መስሏቸው በጋሪ ጭነው ደፉት። ሽማግሌው ለቤታቸው ምርጊት ሲያጠራቅሙት የከረሙት ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ ባለቤቱ እሺ ሳይል ማንም አባል ጭራሮ እንኳ ከቦታው እንዳያነሣ ተማማሉ።

ለመመዝገብ ስሄድ ሐሊማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ኦሮምኛ ትችያለሽ? የማይችል ግቢ ውስጥ ችግኝ ያጠጣል እንጂ ቤት አይሰጠውም።»

«በደንብ እችላለሁ» አልኳት። የማውቀው «አካም» የምትለዋን ሰላምታ ብቻ ነበር፤ እሷንም የለቀምኩት ከመንገድ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው እስኪጠራ አምስት ቀን ፈጀ።

የተሰጡኝ እናት አዴ ዳርሚ ይባላሉ። ቤታቸው በወደራ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ግራር አጠገብ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥላ ያያሉ እንጂ መልክ አይለዩም። «ውሃ የሚቀዳላቸው የልጅ ልጃቸው ነበር። ከብቶቹን ይዞ ሣር ፍለጋ ርቆ ሄዷል፤ ዝናብ ካልጣለ አይመለስም» አለችኝ ሐሊማ። «ስለዚህ ሥራሽ ውሃ ነው።»

የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጄን ሄድኩ፤ ለሰላምታና ለፈቃድ። አዴ ዳርሚ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «አካም» አልኩ። ደስ ብሏቸው ረዥም ነገር መለሱልኝ፤ አንዱም አልገባኝም። እኔም በአማርኛዬ፣ «ከክበቡ ነው የመጣሁት። ውሃ ላመጣልዎት ነበር፤ መቼ ልምጣ?» አልኳቸው።

ፈገግ ብለው፣ «ናጋ» አሉኝ።

ናጋ በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው። ሰላም ነሽ ወይ፣ እኔም ሰላም ነኝ፣ ከብቱም ሰፈሩም ሰላም ነው፣ ሁሉም በእሷ ይባላል። በነገሌ የሕፃን አፍ የሚፈታባት ቃል ናት። እኔ ግን የሰማሁት «ነገ» ብለው ነው። መቼ ልምጣ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን መልስ አለ? እንዲያውም አማርኛ የሚችሉ መሰሉኝና ሐሳቤ ቀለል አለኝ።

በማግስቱ ቦኖው ላይ ተሰልፌ ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን ሞላሁና በገመድ አዝዬ ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደብረ ብርሃን ሳለሁ ከጓሮ ቧንቧ በቀር ውሃ ቀድቼ ስለማላውቅ ገመዱ ትከሻዬን ላጠው። ደርሼ «አካም፣ አዴ ዳርሚ፣ ውሃውን ላስገባው?» ስላቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ናጋ፣ ናጋ» አሉ። ነገ፣ ነገ። ምናልባት ለዛሬ አላቸው አልኩ በልቤ። ትንፋሼን ሰምተው ኖሮ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡና በጣሳ ውሃ ይዘው ወጡ። «ዱጊ» አሉኝ። ጠጪ ማለት እንደሆነ ጣሳው ራሱ ነገረኝ። የተሸከምኩት የእሳቸው ነውና አንድ ጉንጭ አልነካሁም ነበር፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ይኸው፣ ውሃማ አላቸው አልኩ።

ጀሪካኑን አዝዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እናቴ ልጇ ባለሙያ የሆነች መስሏት መረቀችኝ።

በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። አካም፣ ናጋ፣ ጣሳ። ለምን ውሃውን አስቀምጠሽ አልሄድሽም የሚለኝ ሰው ይኖራል። ሕጉ አለ፤ ፈቃድ። ከሕጉ በላይ ግን፣ ሐሊማን ሄጄ «ሴትዮዋ ምን እንደሚሉኝ አጣርተሽ ንገሪኝ» ብላት ውሸቴ ይወጣል። ስለዚህ ዝም ብዬ ተመላለስኩ። በአምስተኛው ቀን ጣሳው ግማሽ ብቻ ነበር። የሰለቸኋቸው መሰለኝና ትንሽ ተቀየምኩ። ተቀየምኩ ስል ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

አርብ ስንሰበሰብ ሐሊማ ከዝርዝሩ ላይ ስሜን ጠራች። «ሰናይት፣ የአዴ ዳርሚ ውሃስ?»

«ነገ ብለውኛል።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ነገ ነው ያሉኝ። ከትናንት ወዲያም።»

አንዱ ልጅ፣ «ሴትዮዋ መሥሪያ ቤት ሆኑ እንዴ፣ ነገ ተመለሺ የሚሉ?» አለና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሐሊማ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባላቸውን እንዳለ በይልኝ እስቲ።»

«ና... ናጋ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ሌላ ቃል መሰለኝ። ኦሮምኛ የሚያውቁት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። ሐሊማ ስብሰባውን ለሌላ ሰው ትታ ተነሣች፤ እጄን ይዛ ወጣች። ከቤታችን ጀሪካኑን አነሣን፤ ቦኖው ጋ ስንደርስ «ሙዪ» አለችኝና ራሷ አዘለችው።

አዴ ዳርሚ ድምፅዋን እንደሰሙ አወቋት። ብዙ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከናጋ በቀር የገባኝ የለም። ሐሊማ ፈቃድ ጠይቃ ገባችና እንስራውን ዘንበል አድርጋ አየች። እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁ። ከሥሩ አንድ ጣሳ የማይሞላ ውሃ ነበር።

«ጎረቤታቸው ናት በሁለት ቀን አንዴ ጥቂት የምታካፍላቸው» አለችኝ፤ እየሰማች ወደ አማርኛ ትመልስልኝ ጀመር። «አንዲት ልጅ አለች ይላሉ። በየቀኑ ለእናቷ ውሃ ቀድታ ስታልፍ ደጄ ላይ አርፋ ደኅንነቴን ትጠይቀኛለች። ትንፋሿን ስሰማ ቤቷ ሩቅ እንደሆነ ገባኝ ይላሉ።» ሐሊማ ወደ እኔ ዞረች። «ከጀሪካኑ ብትጠጣ ለቤቷ ይጎድልባታል ብለው ነው ከራሳቸው የሚያጠጡሽ።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በብዙ ነገር አልቅሻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

«ሁሉንም ንገሪያቸው» አልኳት ሐሊማን። «ኦሮምኛ እንደማልችልም ንገሪያቸው።»

«እሱን ራስሽ ነሽ የምትነግሪያቸው። አፋን ኦሮሞ ሂንቤኩ፣ በይ።»

አልኩ። አዴ ዳርሚ ጆሯቸውን አቀኑ። ሐሊማ ቀሪውን አስረዳቻቸው፤ የአማርኛው «ነገ» በኦሮምኛ «ቦሩ» ማለት እንደሆነ ስትነግራቸው ሳቅ ያዛቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ነገ፣ ነገ» እያሉ ሳቁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ፣ «ከክበቡ ታስወጪኛለሽ?» አልኳት።

«ቤት ሰጥቼሽ የለ? የት ትሄጃለሽ? ነገ ሁለቴ ትመላለሻለሽ። ነገ ማለቴ ነገ ነው» አለችኝ። ከዚያ ነበር እሷም የሳቀችው።

ከዚያ ወዲያ እንስራው ጎድሎ አላደረም። ኦሮምኛውንም ከአዴ ዳርሚ ደጃፍ ተማርኩት፤ ስሳሳት እያቆሙኝ፣ እስክችለው እያስደገሙኝ። እሳቸው ደግሞ ከእኔ አንዲት ቃል ብቻ ወሰዱ። ልሄድ ስነሣ ጥላዬ መንቀሳቀሱን አይተው በአማርኛ «ነገ?» ይላሉ። «ነገ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነበር የሚለቁኝ።

ዝናቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገት ጣለ። አፈሩ ሸተተ፤ በሳምንት ውስጥ ሜዳው ለመለመ፤ የልጅ ልጃቸውም ከብቱን ይዞ ተመለሰ። ወተትና ቅቤ ገባ። አዴ ዳርሚ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው በእጄ መዳፍ ያፈሱልኝ ነበር፤ እየቆረጠምኩ እውላለሁ። ውሃ የሚቀዳ አላቸው፣ እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። ሐሊማም ሪፖርት ስሰጥ «ዛሬስ ምን ሠራሽ?» ብላ ትጠይቃለች። «ቡና በላሁ» ስላት ዝም ብላ ትጽፈዋለች።

ከዚያ የአባቴ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ሐሊማ የመሰናበቻውን ቃል ደጋግማ አስጠናችኝ፤ «ቦሩ ናን ዴማ»፣ ነገ እሄዳለሁ። ሦስት ቃል ነው። መንገዱን ሁሉ እያልኩት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ግን አልወጣ አለኝ። ቡናዬን በላሁ፣ ስለ ጥጆቹ ሰማሁ፣ ተነሣሁ።

«ነገ?» አሉኝ።

ሁለተኛ እንዳልዋሽ ምዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ልቤ እንቢ አለ። «ናጋ» አልኩና ሮጥኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሐሊማ ጻፈችልኝ። ቤቱን ለሌላ አባል አልሰጠችውም፤ ራሷ ወስዳዋለች። በሄድኩ ማግስት መሄዴን ልትነግራቸው ብትገባ አዴ ዳርሚ ቀድመው አውቀውት ነበር። «ልጅቷ ናጋ ነው ያለችኝ፤ አጥርታ ነው ያለችው። ነገ ብትለኝማ እጠብቃት ነበር» አሏት።

ዛሬ እኔም ለአባሎቼ አንድ አንድ ቤት እሰጣለሁ። ቤት መስጠት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መውጫው ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ሲሄዱ ወይም ወላጆቻቸው ሲዛወሩ፣ እያንዳንዳቸው ወደተሰጣቸው ቤት ሄደው «ከእንግዲህ አልመጣም» ብለው በገዛ አፋቸው እንዲሰናበቱ አስገድዳለሁ። ጨካኝ ናት እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ እስከ በሩ ደርሰው ይመለሳሉ። እነዚያን በማግስቱ እጃቸውን ይዤ እወስዳቸውና፣ ተናግረው እስኪወጡ ድረስ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ።