ከድልድዩ ወዲህ ያለው ቀይ ጣሪያ

የሬጉላ ባል ጣሪያ ሠሪ ነበር። ሲሞት መሰላሉን ወረሰችና እሷም ጣሪያ ላይ መዋል ጀመረች። የመንደሩ ሰው ይቺ ሴትዮ ድመት ሆና ነበር መፈጠር የነበረባት እያለ ይስቅባት ነበር። ይሳቅ! ጦርነቱ አውሮፓን ማመስ ሲጀምር ያ ሁሉ ሳቂታ ደጇን አጣበበው። ራይን ወንዝ ዳር ያሉ የስዊስ ቤቶች ጣሪያቸው ላይ በቀይ መደብ ነጭ መስቀል ይቀቡ ተብሎ ነበራ። በላይ የሚያልፈው አውሮፕላን አይቶ፣ እነዚህ ከማንም ያልወገኑ ናቸው ብሎ እንዲያልፋቸው ነው። ዝናብ ባደበዘዘው ቁጥር የምታድሰው ሬጉላ ናት።

ከድልድዩ ማዶ ጀርመን ነው። እዚያ ታናሽ እህቷ ኤልስቤት አለች። ሁለቱም የተወለዱት አሁን ሬጉላ በምትኖርበት ቤት ነው። ኤልስቤት ግን የማዶ ሰው ስላገባች፣ በሕጉ መሠረት ስዊስነቷ በሠርጓ ዕለት ቀረ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰውዬ እህት አልነበረውም መሰለኝ። ባሏ ከግንባር አልተመለሰም። የቀሩላት ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆችና አልጋ የያዘች አማት ናቸው።

እሁድ እሁድ፣ ጉሙ ወንዙን ሲያለብሰው፣ እህትማማቾቹ ድልድዩ መሃል ባለው በር ይገናኛሉ። ዘበኛው ሃይሪ አብሯቸው ያደገ ስለሆነ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ፒፓውን ያጨሳል። በጉሙ ውስጥ የሚታየው ፊታቸው ብቻ ነው፤ ከተለያዩ በኋላ ሬጉላ እውነት አየኋት ወይስ ተመኘኋት ትላለች። አንድ እሁድ ኤልስቤት ከቀይ ቀለሙ እንድትሰጣት ለመነቻት። ጣሪያዋን ቀብታ ልጆቿን ከሥሩ ልታስተኛ ነው፤ ነጩን ከኖራ ታገኘዋለች። ሬጉላ እሺ አለች።

በማግሥቱ ጣሪያዋ ላይ ሆና ቀለሙን ስትከፍል ፀሐዩ አሳሳቃትና የጭስ ማውጫውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልሟ ተንሳፈፈች። ወንዙ ከሥሯ እንደ መቀነት ተዘርግቷል። በወዲህም በወዲያም፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ፣ ጣሪያው ሁሉ ቀይና ነጭ ነው። እግዜር ምድሪቱን ያስታረቃት መሰላትና ደስ አላት። ልትወርድ ስትል ግን ቤቷን አጣችው። የኔ የትኛው ነው እያለች ከጣሪያ ጣሪያ ዞረች። አጠገቧ የሚበሩት አብራሪዎችም እንደሷው ግራ ተጋብተዋል። በመጨረሻ አንዱ ሰልችቶት፣ ተዉት፣ ሁሉም ውሸት ነው አለ። ደንግጣ ስትነቃ ብሩሹ እጇ ላይ ደርቋል።

የሚቀጥለው እሁድ ባዶ እጇን ሄደች።

“ቀለሙስ?” አለች ኤልስቤት።

“ቀለሙማ የኔ ነው፣ ከነቆርቆሮው በሰጠሁሽ። መስቀሉ ግን የመንደሩ ሁሉ ነው። እናንተ ጋ ጦር ሰፍሯል፤ ሐሰትና ስንቅ ደግሞ እያደር ይቀላል። ያንቺን ውሸትነት ያወቀ አብራሪ የኛንም አያምንም። ልጆቹን ስጪኝ፤ ለሕፃናት መሻገር ተፈቅዷል።”

“የገዛ እህትሽን በጣሳ ቀለም?” አለች ኤልስቤት። “ድሮም ካንቺ ልብ ድንጋይ ይለሰልሳል።” ጉሙም ዋጣት።

ሬጉላ ያን ሰሞን እህል አልበላ አላት። አንድ ማለዳ ሃይሪ በሯን አንኳኳ፤ ልጆቹ በግራና በቀኝ እጁን ይዘዋል። እናታቸው አማቷን ጥላ መምጣት አልሆነላትም፤ ለእህቷም የላከችው ቃል የለም።

በሚያዝያ ጀርመንን የሚወጋው ጦር ከኮረብታው ጀርባ ደረሰና መድፍ ማዶውን ደበደበው። ወዲህ አንድም አልወደቀም። ሬጉላ መስኮት ላይ ቆማ፣ የኤልስቤት ቤት ካለበት ጭሱ ሲወጣ እያየች፣ ልጆቹን በቀሚሷ ሸፍና አለቀሰች። ብሰጣት ምን ነበረበት ስትል ከረመች።

ጦርነቱ አብቅቶ የድልድዩ በር ሲከፈት፣ ኤልስቤት ከስታና ጠቁራ መጣች። ያን ቀን ምድር ቤት ወርዳ ድንች ስትለቅም ነበርና ተርፋለች፤ አማቷ ግን አልጋዋ ላይ ቀርታለች። ልጆቿን አገላብጣ ሳመች። ሬጉላ አንገቷን ደፍታ፣ “ቀለሙን ስለነፈግኩሽ ይቅር በይኝ” አለቻት።

“ሞኝ” አለች ኤልስቤት። “መድፍ ጣሪያ ያያል እንዴ? ብትሰጪኝ ኖሮ እነዚህን ልጆች እዚያ ነበር የማስተኛቸው።”