በስልክ የማይነገር መርዶ

አሜሪካ ውስጥ ሥራዬ ለሙስሊሞች መብት መሟገት ነው። ሻሽሽን አውልቂ ተብላ ከሥራ የተባረረች፣ እስር ቤት ውስጥ ሶላት የተከለከለ፣ በስሙ ምክንያት ብቻ አየር ማረፊያ ላይ የቀረ፤ ሁሉም ወደ እኛ ቢሮ ይደውላል። ሥራው ቁጡ አድርጎኛል። ሰው “ደህና ነኝ” ሲለኝ እንኳ ማስረጃ ልጠይቀው ይቃጣኛል።

ባለፈው ክረምት የያዝኩት ጉዳይ ግን ከትውልድ አገሬ ከላስታ የመጣ ነበር። ከጋሸና ወዲያ ካለ መንደር የሄደ ሙስሊም ልጅ ጥገኝነት ጠይቆ በስደተኞች እስር ቤት ተይዟል። “ከተመለስኩ ታጣቂዎች ይገድሉኛል” ይላል፤ ዳኛው ማስረጃ አምጣ ይሉታል። ማስረጃው እናቱ ዘንድ ነበር። እሱን ሊይዙ የመጡት ሰዎች ሲያጡት ታናሽ ወንድሙን እደጃፉ ላይ ገድለውት ሄደዋል። ልጁ ይህን አያውቅም። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ባለበት ነው የሚነገረው።

ስለዚህ እናቱ በቪዲዮ ለዳኛው እንዲመሰክሩ ላደርግ እኔው መጣሁ። ኔትወርኩ የሚሻለው ላሊበላ ስለሆነ እናትየውን ከጋሸና በጭነት መኪና ይዣቸው ገባሁ። ቱሪስት የራቀው የአንድ ሆቴል ባለቤት፣ ክርስቲያን ናት፣ ነገሩን ስትሰማ ክፍሉንም ጄኔሬተሩንም ለቀቀችልን።

እናትየው ለመመስከር የተስማሙት በአንድ ነገር ነበር፦ አሜሪካ ያሉ የወሎ ሰዎች ከአንድ ሼህ ጋር እስር ቤት ገብተው አስቀድመው መርዶውን በወጉ ይነግሩታል። በቀጠሮው ቀን የልጁ ጠበቃ ከአሜሪካ ደወለ። እስር ቤቱ ጠያቂ ከልክሏል፤ ዳኛውም ቀጠሮ አያራዝሙም።

ነገርኳቸው።

“እሱም ይሰማል?”

“ይሰማል። ያይዎታልም። ግን እናቴ፣ ካልተናገሩ ይመልሱታል።”

“እሽ” አሉ።

ከዚያ ጥቁር የሐዘን ሻሻቸውን ፈተው ከሆቴሉ ባለቤት ባለ አበባ ሻሽ ተዋሱ። ለዳኛው ክብር መሰለኝ፤ ጎሽ አልኩ በልቤ።

አመሻሽ ላይ ልጁ ስክሪኑ ላይ ታየ። ከስቷል፤ እጁ በካቴና ነው። “እማ!” አለ፤ ዝም አሰኙት። አስተርጓሚው የዳኛውን ጥያቄ አደረሰ፦ በእሱ ምክንያት ከቤተሰብዎ የተጎዳ ሰው አለ?

እናትየው ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አልነቀሉም። “ማንም አልተነካ። አልሐምዱሊላህ።”

ሌላው ልጅዎስ?

“ደህና ነው፤ ከብት ይዞ ወጥቷል። አብሽር ልጄ።”

ልጁ ፈገግ አለ። እኔ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀረሁ። ከጎናቸው አንድ ቃል ብተነፍስ ምስክርነቱ እንደሚሰረዝ ጠበቃው አስጠንቅቆኛል። እሱም ጥያቄውን አዙሮ ጠየቀ፣ ደግሞ ጠየቀ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ “ማንም አልተነካ” የሚለው ተጽፎ ቀረ። ዳኛው የጥገኝነት ጥያቄውን እዚያው ውድቅ አደረጉ።

በረንዳ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ከዚያ እንደ ተናደድኩ ተመለስኩ። “ለምን እናቴ? እሽ ብለውኝ አልነበረም?”

“ያዙት የሚል ሰው ነበር አጠገቡ?” አሉኝ። “እጁን ታስሮ፣ ደረቱን እንኳ ሳይመታ?”

ስንት ጠበቃ አፍ ያስያዝኩ ሴት ዞሬ ኮምፒውተሩን መሰብሰብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠበቃው ይግባኝ እንዲል ብሎ እውነቱን ለልጁ ነገረው። ልጁ አላመነውም። “እናቴ አትዋሽም። ቤቱ ሰላም ከሆነ እዚህ ምን እሠራለሁ?” ብሎ ይግባኙን ትቶ ወደ አገሩ መመለሻ ወረቀቱን ፈረመ።

ይህን ስነግራቸው ይጮኻሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጥቁሩን ሻሽ መልሰው እያሰሩ፣ ለመርዶው ማለዳ ማን ማን እንደሚጠራ ያስቡ ጀመር፤ አጎቱ፣ የመንደሩ ሼህ፣ ጎረቤታቸው ቄሱ።

“በወጉ ይሰማል” አሉ። “አንቺም ከጎኑ ትቆሚያለሽ፤ አይደል?”

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ደጃፋቸው ያለው መንገድ በእነዚያው ታጣቂዎች እጅ ነው። እሳቸውም ያውቃሉ።

“እቆማለሁ” አልኳቸው።